አራት ጣት ትርፍ

በመዝገቡ ውስጥ ሁለት ወረቀቶች ፊትና ኋላ ሆነው በአንድ ሽቦ ተይዘዋል።

የፊተኛው የልጅቷ ክስ ነው። «ሟቹ ልብስ ሰፊ አባቴ ናቸው» ይላል። «እናቴ በሱቃቸው ተቀጥራ ቁልፍ ስትተክል ከእሳቸው ወለደችኝ። ትምህርት ቤት ከመከፈቱ በፊት በየዓመቱ ወደ ሱቁ አስጠርተው በገዛ እጃቸው ለክተው ዩኒፎርም ይሰፉልኝ ነበር። ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ አሥራ ሰባት ዓመት እስኪሞላኝ አንድም ዓመት አላጓደሉም። ልጃቸው መሆኔ በፍርድ ይታወቅልኝ።»

የኋለኛው የሚስቲቱና የሁለት ወንዶች ልጆቿ መልስ ነው። «ሟች ርኅሩኅ ሰው ነበሩ» ይላል። «ለሰፈሩ ችግረኛ ልጆች ሁሉ ይሰፉ ነበር። ከሳሽ ከእነዚያ አንዷ ናት። እናቷ በምግባሯ ከሥራ የተሰናበተች ሠራተኛ ነበረች። የሟች ሕጋዊ ሚስት እስከ ቀብሩ ቀን ድረስ የከሳሽን ስም ሰምተው አያውቁም። ሟች በሕጋዊ ጋብቻ ከወለዷቸው ከሁለቱ ሕጋዊ ልጆቻቸው በቀር ሕጋዊም ሆነ ሕገ ወጥ ልጅ የላቸውም።»

«ሕገ ወጥ ልጅ» የሚለውን የጻፈው የተከሳሾቹ ጠበቃ አይደለም። ጠበቃው አስቦበት ትቶት ነበር፤ በእስክሪብቶ ያስገባው የሟቹ የበኩር ልጅ ነው። ሰው እንደ ቀረጥ ያልተከፈለበት ጨርቅ በድብቅ ወደ ዓለም ይገባል ብሎ የሚያምን ሰው ነበር። በአንድ ገጽ ተኩል መልስ ውስጥ «ሕጋዊ» የሚለው ቃል አሥራ አራት ጊዜ ተጽፏል። የመዝገብ ቤቷ ጸሐፊ ሥራ በቀዘቀዘበት አንድ ከሰዓት ቆጥራው፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ሰውየው በፍርድ ቤቱ ግቢ ውስጥ «ሕጋዊው» ተብሎ ቀረ።

ሕጋዊው የመድን ድርጅት ኃላፊ ነው። የአባቱን ሥራ ሲጠይቁት «በፋሽን ዘርፍ» ይል ነበር። መርፌ ነክቶ አያውቅም፤ ዕድሜውን ሙሉ በአባቱ መርፌ የተሰፋ ልብስ ለብሶ ነው የኖረው። ታናሽ ወንድሙ እሱ ሲናገር አንገቱን ይነቀንቃል፤ ከዚህ የተለየ ሐሳብ እንዳለው የሚያውቅ ሰው የለም።

ልጅቷ ክሊኒክ ውስጥ ክትባት የምትሰጥ የሃያ አራት ዓመት ነርስ ናት። እናቷ ከልብስ ሰፊው ሁለት ዓመት ቀድማ ስለሞተች ምስክር የምትሆናት የለችም። በልደት ምስክር ወረቀቷ ላይ ከ«የአባት ስም» ፊት ለፊት ሰረዝ ተሰምሯል። በጣም ቀጥ ያለ፣ በማስመሪያ የተሰመረ ሰረዝ ነው። ትምህርት ቤት ስትገባ፣ ስትቀጠር፣ ቤት ስትከራይ፣ ያንን ወረቀት የተቀበለ ሁሉ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው፤ ቀጥሎ ቀና ብሎ እሷን ያያል። ክስ ያስመሠረታት ያ ሰረዝ ነው። የሱቁ ውርስ ነገር የመጣው በኋላ ነው። ቢሆንም «ሱቁን አልፈልግም» ብላ አታውቅም፤ ውሸት አትወድም።

የደም ምርመራ ይደረግ ሲባል ሁለቱ ወንድማማቾች እንቢ አሉ።

«ደማችን የሰፈር ቧንቧ አይደለም» አለ ሕጋዊው። «መጣሁ ባለ ሁሉ ፊት አንከፍተውም።»

ታናሽየው ነቀነቀ። ዳኛዋ እንቢታቸውን በመዝገቡ ላይ ጽፋ ማስረጃ የሚሰማበትን ቀን ቀጠረች።

በቀጠሮው ቀን ሁሉም በኮሪደሩ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ሌላ ወንበር ስላልነበረ ነው። የወንበሩ አንድ እግር አጭር በመሆኑ አንዱ ሲነሳ ሌሎቹ ይወዛወዛሉ። ሚስቲቱ ጫፍ ላይ ተቀምጣ በመሐረብ አፍንጫዋን ይዛለች። ኮሪደሩ አይሸትም ነበር።

ሕጋዊው ወደ ልጅቷ ዘንበል አለ።

«ስሚ አንቺ ልጅ። እኛ ጨካኞች አይደለንም። እናትሽ ቁልፍ ስትተክል የምትቀመጥባት አጭር በርጩማ አለች፤ ከሱቁ ጓዳ አገኘናት። ክሱን ተይና ውሰጃት። ማስታወሻ ትሆንሻለች።»

«ስንት እግር አላት?» አለች ልጅቷ።

«ሦስት።»

«እንግዲያው አትወዛወዝም። እርስዎ ይቀመጡባት።»

ታናሽየው ሳቅ ሊያመልጠው ሲል ወንድሙ ዞሮ አየው። ሳቁን ወደ ሳል ለወጠው።

«ምላስሽ የእናትሽ ነው» አለ ሕጋዊው።

«ምላሴ ይሁን። እጄን ግን ይዩት» ብላ ጣቶቿን ዘርግታ አሳየችው። ረጃጅምና ጫፋቸው ጠፍጠፍ ያለ ነው። እሱ የራሱን እጅ ኪሱ ውስጥ ከተተ።

ችሎቱ ተጀመረ። ዳኛዋ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ሰው ሲናገር የማታቋርጥ ሴት ናት። ጠበቃው ተነስቶ ስለ ጋብቻ ክቡርነት፣ ስለ ቤተሰብ መሠረትነት፣ ከጋብቻ ውጪ ስለሚወለዱ ልጆች መብዛት ሲናገር እስከ መጨረሻው ሰማችው።

«ጨረሱ?» አለችው።

«ጨርሻለሁ፣ ክብርት ዳኛ።»

«ጥሩ። ሕጉ ልጅን በወላጆቹ ጋብቻ አይከፍልም። ከጋብቻ ውጪ የተወለደ ልጅ በጋብቻ ከተወለደው እኩል ነው፤ ይህን እርስዎም ትምህርት ቤት ተምረውታል። እዚህ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ የዚህች ልጅ አባት ማን ነው? ሟቹ በጽሑፍ ተቀብሏት ከሆነ፣ ወይም እንደ ልጁ ይዟት ከኖረ፣ እሱን አሳዩኝ። ወይም አለመሆኑን አሳዩኝ። የእናትየዋን ምግባር ለሌላ ቀን ያቆዩት።»

ጠበቃው ጉሮሮውን ጠርጎ ወደ ማስረጃው ገባ። ማስረጃው ከአንድ የቆየ ሱፍ ቅዳጅ ልባስ የተሰፋለት ወፍራም የልኬት መዝገብ ነበር። ከሱቁ አምጥቶ ያቀረበው ሕጋዊው ራሱ ነው። በዚህ መዝገብ ልጅቷ ከሌላው ደንበኛ መካከል በተራዋ ተጽፋ ተገኝታለችና፣ ደንበኛ እንጂ ልጅ አለመሆኗን ያሳያል ብሎ አምኖ ነው። የእጅ ጽሕፈቱን የሚያረጋግጥ ሰው ስላስፈለገም የሱቁን ልብስ ተኳሽ በምስክርነት ጠርቶታል።

ተኳሹ ሰላሳ አንድ ዓመት በዚያ ሱቅ ካውያ የያዘ፣ ቀኝ ትከሻው ከግራው ዝቅ ያለ ሽማግሌ ነው። ለፍርድ ቤቱ ክብር ሲል የሸሚዙን እጅጌ እንደ ቢላ ስለት ተኩሶት መጥቷል።

«ይህ የማን ጽሕፈት ነው?» አለው ጠበቃው።

«የጌታዬ።»

«ከሳሽ በዚህ ውስጥ አለች?»

«አለች። በየዓመቱ።»

«ለብቻዋ ገጽ ተሰጥቷታል?»

«ለማንም ለብቻው ገጽ አይሰጥም። በመጣበት ቀን በተራው ነው።»

«እንደ ማንኛውም ደንበኛ ማለት ነው።»

«በተራዋ ናት» አለ ተኳሹ።

ጠበቃው ረክቶ ተቀመጠ። ነገሩ እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ ልጅቷ በእጇ የያዘችው ምንም አልነበረም፤ ሰረዙ እስክትሞት አብሯት ይኖር ነበር። ነገር ግን ሕጋዊው ሌላ ሰው ሲያሸንፍለት ማየት የማይችል ሰው ነው። ተነሳ። ጠበቃው የኮቱን ጫፍ ጎተተው። አልሰማውም።

«ክብርት ዳኛ፣ አንድ ነገር ልጨምር። አባቴ ምጽዋቱን እንኳ በሥርዓት ይጽፍ ነበር። ይኸው፣ ደረት፣ ወገብ፣ ቁመት ከሚለው ቀጥሎ ትርፍ የሚል አምድ አለ። ሌሎች ደንበኞች ላይ ሁለት ይላል። የዚች ላይ ግን አራት ነው። በየዓመቱ አራት! እጥፍ አድርጎ ይለግሳት ነበር። ውለታው ይህ ነው፤ ምላሹ ደግሞ ክስ።»

«ትርፍ ምንድን ነው?» አለች ዳኛዋ።

ሕጋዊው ለአፍታ አሰበ። በዚያ ሱቅ ጓዳ ውስጥ አድጎ ይህን አለማወቁ አላሳፈረውም፤ እንዲያውም ኩራት ቢጤ ነበረው።

«ቸርነት ይመስለኛል፣ ክብርት ዳኛ። ስጦታ።»

ከኋላ ወንበር አንድ ሰው ሳቀ። ተኳሹ ነበር። ሰላሳ አንድ ዓመት የሠራበትን ሙያ እንዲህ ሲያዋርዱት መታገስ አልቻለም።

«ኧረ ተው፣ ጌታው! ትርፍ ጨርቅ ነው!»

ዳኛዋ ወደ እሱ ዞረች። «ያስረዱን።»

«ክብርት ዳኛ፣ ትርፍ ማለት ከጉርድም ሆነ ከሱሪ ግርጌ ወደ ውስጥ የሚታጠፈው ጨርቅ ነው። ልጅ ያድጋል። ሲያድግ እጥፋቱ ይፈታና ልብሱ ይረዝማል። ቁጥሩ የጣት ነው። ሁለት ሲል ሁለት ጣት።»

«ለምን ለሁሉ አራት አይሆንም?»

«እንዴት ይሆናል! ሱቁ ይዘጋ?» አለ ተኳሹ፤ የጌታው ብልሃት ትዝ ብሎት ፊቱ በራ። «ሁለት ጣት የተተወለት ልጅ በዓመቱ ቁርጭምጭሚቱ ይወጣል። እናቱ ሳትወድ ተመልሳ ትመጣለች። አራት ጣት ከተዉለት ግን ሁለት ዓመት ይለብሰዋል፤ ደንበኛ ቀረ ማለት ነው። ጌታዬ ሲቆርጡ ሁሌ ይሉት የነበረ ነገር አለ። ‹ለሰው ልጅ ሁለት፣ ለራሴ ልጅ አራት።› ለማንም አራት ትተው አያውቁም፤ ለልጆቻቸው ብቻ—»

አቆመ። የተናገረው ነገር ወደ ጆሮው የደረሰው ያኔ ይሁን ወይም ከቤቱ ሲወጣ ጀምሮ ያዘጋጀው ይሁን ከፊቱ መለየት አይቻልም። የእጅጌውን ስለት በሁለት ጣቱ አስተካከለ።



«መዝገቡ በእጅዎ ነው» አለች ዳኛዋ ለሕጋዊው። «እባክዎ ያንብቡልን። ስሙንና ትርፉን ብቻ።»

«ክብርት ዳኛ፣ ይህ አስፈላጊ—»

«ማስረጃው የእርስዎ ነው። ያንብቡ።»

አነበበ። የፋርማሲ ባለቤቱ ልጅ፣ ሁለት። የአከራያቸው ልጅ፣ ሁለት። የርእሰ መምህሩ መንትዮች፣ ሁለት፣ ሁለት። የገዛ አክስቱ ልጅ፣ ሁለት፤ አክስቱ «ወንድሜ ጨርቅ ይሰስታል» እያለች ዕድሜዋን ሙሉ ስታማ የኖረችው ለካ እውነቷን ነበር። ቀጥሎ የራሱ ስም መጣ፤ አራት። የታናሽ ወንድሙ፣ አራት። ገጽ ገለጠ። የልጅቷ፣ አራት። የመንገድ ማዶው ሐኪም ልጅ፣ ሁለት። በሚቀጥለው ዓመት የልጅቷ፣ አራት። ድምፁ እየወረደ ሄደ። ዳኛዋ «ከፍ አድርገው ያንብቡ» እያለች አሥራ ሁለቱንም ዓመት አስነበበችው።

«ከልብሶቹ የቀረ አለሽ?» አለች ዳኛዋ ልጅቷን።

ልጅቷ ከፌስታል ውስጥ ሰማያዊ የትምህርት ቤት ጉርድ አወጣች። የመጨረሻው ዓመት ነው። ቁመቷ ስለቆመ እጥፋቱ ሳይፈታ ቀርቷል። ዳኛዋ ጉርዱን ገልብጣ አራት ጣቷን እጥፋቱ ላይ አሳረፈች። ልክክ አለ። ከዚያ መነጽሯን አድርጋ ስፌቱን አየችው። የመኪና አይደለም። ዘንበል ዘንበል ያለ፣ ጥቃቅን፣ ከውጭ ጨርሶ የማይታይ የእጅ ስፌት ነው።

«ይህን የሰፋው ማን ነው?»

ተኳሹ መሬት መሬት አየ።

«እርስዎን ነው የጠየቅሁት።»

«እትዬ ናቸው» አለ ቀስ ብሎ። «የሱቁ እጥፋት ሁሉ ቤት ሄዶ በእሳቸው እጅ ነው የሚሰፋው። ጌታዬ እጥፋት በመኪና አያስነኩም ነበር።»

ሁሉም ወደ ሚስቲቱ ዞረ። መሐረቡን ከአፍንጫዋ አወረደች።

«በመሐላ በሰጡት ቃል የከሳሽን ስም ሰምተው እንደማያውቁ ተናግረዋል» አለች ዳኛዋ።

«አልሰማሁም። መሐላዬ እውነት ነው።» ሴትየዋ ቁጭ እንዳለች፣ ቀና ብላ፣ እንደ ቤቷ አሽከር ሁሉንም አንድ ጊዜ ቃኘቻቸው። «ሁለት ወንዶች ነው የወለድኩት። በቤቴ ሴት ልጅ የለም። በየዓመቱ፣ ትምህርት ሊከፈት ሲል፣ ከሱሪው ክምር መሀል አንዲት የሴት ጉርድ ትመጣልኛለች፤ እንደ ልጆቼ ሱሪ አራት ጣት ታጥፋ። ምን ልበል? የማን ናት ብዬ ልጠይቅና ይንገረኝ? አልጠየቅሁም። ሰፋኋት። አንድ ቀን ተፈትታ ሰው ፊት እንዳታዋርደኝ ብዬ ደህና አድርጌ ነው የሰፋኋት።»

«እማዬ!» አለ ሕጋዊው።

«ዝም በል። አንተ መዝገብ ማንበብ ሳትችል መዝገብ የምታመጣ!»

በዚያ ክፍል ውስጥ የመናቅ መብት ያላት አንድ ሰው ብትኖር እሷ ነበረች። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ባሏ በገዛ እጇ ነውሩን አሰፍቷታል። ንቀቷን ግን በሕይወት ሳለ ለሚገባው ሰው መስጠት ስላልደፈረች፣ አጠራቅማ ለአንዲት ተማሪ አወረሰችው።

ዳኛዋ ሰዓቷን አየች። «ግማሽ ሰዓት እሰጣችኋለሁ። በስምምነት ልትጨርሱ ከፈለጋችሁ ተነጋገሩ። ካልሆነ ተመልሳችሁ ንገሩኝ፤ እፈርዳለሁ።»

ኮሪደሩ ውስጥ ሕጋዊው ሌላ ሰው ሆኖ ወጣ። ልጅቷ አጠገብ ተቀመጠ፤ ወንበሩ ተወዛወዘ።

«እህቴ» አላት።

ልጅቷ ወደ ኋላዋ ዞራ አየች፤ ሌላ ሰው የመጣ መስሏት እንደሆነ ሁሉ።

«እህቴ፣ እንነጋገር። ቢፈረድልሽ የምታገኚው ከአባታችን ድርሻ ሲሶውን ነው። እኛ የሱቁን ሙሉ ግማሽ እንሰጥሻለን። ዛሬውኑ እንፈርማለን። አንቺ ደግሞ ክሱን ታነሺያለሽ፤ በቃ። ፍርድ አይጻፍም፣ ስም አይነሳም። እኔ መሥሪያ ቤት አለኝ። ወንድማችን ሊያገባ ነው። እማዬን አየሻት። ነገሩ በወረቀት ላይ እንዳይቀር ነው።»

«ሰረዙስ?»

«የቱ ሰረዝ?»

አላስረዳችውም።

«በናትሽ» አለ ታናሽየው። ያን ቀን ያወጣው ቃል ይኸው ብቻ ነው። ልመናው ከልቡ ነበር፤ የሚለምነው ግን ለሠርጉ ነው።

ወንድማማቾቹ ከጠበቃቸው ጋር ዘወር ሲሉ ተኳሹ መጥቶ ከወንበሩ ጫፍ ቁጭ አለ።

«ያውቁ ነበር ጋሼ?»

«ልጄ፣ እጥፋት ስተኩስ ስንት ጣት እንደሆነ ካውያው ይነግረኛል።»

«እስከ ዛሬስ ለምን ዝም አሉ?»

«የጠየቀኝ ሰው የለም።»

«እናቴ ስትባረር ካውያዎን ይዘው ቆመው ነበር?»

ሽማግሌው የእጅጌውን ስለት እንደገና አስተካከለ። እሷም አላዘነችለትም። ሁሉም ያውቅ ነበር፤ ሁሉም አልተጠየቀም።

ጉርዱን ጭኗ ላይ ዘርግታ እጥፋቱን በጣቷ ዳሰሰችው። ሰውየው ሲለካት ሜትሩን አንገቱ ላይ ጥሎ፣ በርከክ ብሎ፣ ከጉልበቷ በታች ምልክት ሲያደርግ ትዝ አላት። «ቀጥ በይ» ይላት ነበር። ሌላ ቃል አይጨምርም። በሩ ከተከፈተና ደንበኛ ከገባ ደግሞ «የሚቀጥለው!» ብሎ ይጮኻል። ድፍረቱ ሁሉ ለካ አራት ጣት ኖሯል፤ እሱም ወደ ውስጥ የታጠፈ፣ ከውጭ እንዳይታይ ሆኖ በሚስቱ እጅ የተሰፋ። አሁን ልጆቹ የአባታቸውን ሙያ ዘግይተውም ቢሆን ይዘውታል፤ ሊያጥፏት ነው የመጡት። ዋጋው ብቻ ጨምሯል።

ግማሽ ሰዓቱ አለቀ። ገቡ። ጠበቃው ፈጥኖ ተነሳ።

«ክብርት ዳኛ፣ ተከሳሾች በቤተሰብ መንፈስ ለከሳሽ የሱቁን ግማሽ ለመስጠት ፈቃደኞች ሆነዋል። ከሳሽም ክሱን በማንሳት—»

«ከሳሽ አፍ አላት» አለች ዳኛዋ። «ምን ወሰንሽ?»

ልጅቷ ቆመች። ጉርዱን በግራ ክንዷ ላይ ይዛዋለች። እጥፋቱን ይዞ የቆየውን ክር ጫፍ በጥፍሯ ፈልጋ ያዘችና ሳበችው። ጥቃቅኑ ስፌት አንድ በአንድ ተለቀቀ፤ አራት ጣት ጨርቅ፣ ፀሐይ አይቶ የማያውቅ፣ ከሌላው የበለጠ ሰማያዊ ሆኖ ወደ ታች ወረደ። ሚስቲቱ ዓይኗን ጨፈነች።

«እርቁን አልቀበልም፣ ክብርት ዳኛ። ፍርድ ነው የምፈልገው። ሰረዙ ይነሳና ስሙ ይጻፍልኝ። ከዚያ ሲሶዬን እወስዳለሁ፤ ከሲሶዬ ላይ አንድ ጣት አልጨምርም፣ አንድ ጣትም አልተውላቸውም።»